ጣሪያው ሲያፈስ ግዴታው የማን ነው? የጥገና ኃላፊነት በመኖሪያ ቤት ኪራይ ሕጋችን

በከተሞቻችን ስለ ቤት ኪራይ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ማለት ይቻላል በዋጋ ላይ ያጠነጥናል። ኪራዩ ስንት ገባ፣ አከራዩ ስንት ጨመረ፣ ደላላው ስንት ወሰደ ይባላል። በተከፈለው ገንዘብ ምን ዓይነት ቤት ተገኘ የሚለው ጥያቄ ግን በሕግ ጽሑፎቻችንም ሆነ በፖሊሲ ውይይቶቻችን የሚገባውን ቦታ አላገኘም። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ጥገና የኪራዩ አካል ነው የሚል ነው። ኪራዩ ባለበት እንዲቆይ በሕግ ሲታሰር፣ ጣሪያውን መጠገን የተወ አከራይ በተግባር ኪራይ ጨምሯል፤ ተከራዩ በዚያው ገንዘብ ከተዋዋለው ያነሰ ቤት እየተቀበለ ነውና።

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይን ከአንቀጽ 2896 ጀምሮ ይደነግጋል፤ ለቤት ኪራይ የተለዩት ድንጋጌዎች የሚጀምሩት ከአንቀጽ 2945 ነው። የሕጉ አካሄድ በመሠረቱ ግልጽ ነው። አከራዩ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ያስረክባል፤ በውሉም ዘመን በዚያው ሁኔታ ያቆየዋል። ተከራዩ ደግሞ ኪራዩን በወቅቱ ይከፍላል፣ ቤቱን በጥንቃቄ ይይዛል፣ እንደ በርና መስኮት ባሉ በዕለት አገልግሎት በሚጎዱ ክፍሎች ላይ የሚያስፈልጉትን ጥቃቅን ጥገናዎች ይሠራል። የቤቱን አቋም የሚነኩ ጥገናዎች፣ ማለትም ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ መሠረቱና ዋናው የፍሳሽ መስመር፣ የአከራዩ ዕዳ ናቸው። ጥቃቅን የሚባለውም ቢሆን ጉዳቱ ከእርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ኃይል የመጣ እንደሆነ ተከራዩ ላይ አይወድቅም። እንግዲህ ወሳኙ ነገር የብልሽቱ ምክንያት ነው፤ የተበላሸው ዕቃ ዓይነት ብቻውን መልስ አይሰጥም።

ምክንያትን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ሰርቪስ ቤቶች ተከራይተው አንድ ሽንት ቤት ሲጋሩ፣ መስመሩን የደፈነው ማን እንደሆነ ማን ይመሰክራል? የመብራት ቆጣሪው የጋራ ሲሆንና ገመዱ ሲቃጠል፣ አከራዩ «ምጣድ ስለጣዳችሁ ነው» ይላል፤ ተከራዮቹ «ገመዱ ድሮም የተበላ ነበር» ይላሉ። ቤቱ በተከራየበት ቀን የነበረበት ሁኔታ በጽሑፍ ስላልሰፈረ ሁለቱም ወገን ማስረጃ የለውም። በእኔ ግምት ከጥገና ክርክሮቻችን አብዛኞቹ የሚነሱት ሕጉ ዝም ስላለ ሳይሆን በርክክቡ ዕለት ማንም ብዕር ስላላነሳ ነው።

ጥገና ባለቤት ሲያጣ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የኪራይ ተመኖችን ቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለድሃው ከተሜ ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት ኖረው ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ያንን ቀን በምስጋና ያነሱታል፣ ትክክልም ናቸው። ነገር ግን የተሰበሰበው ጥቂት ብር ለጥገና አልበቃም። ቤቶቹ ደግሞ ብዙዎቹ የጭቃና የእንጨት ሥራ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ቤት በየጊዜው ካልተመረገና ቆርቆሮው ካልተለወጠ ክረምት ያፈርሰዋል። አከራይ የሆነው ቀበሌ ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩ ደግሞ ባለቤት ስላልሆነ ከኪሱ አውጥቶ ለመገንባት ዋስትና አልነበረውም፣ ለማደስ ሲነሳም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ከአራዳ እስከ ልደታ የምናውቃቸው ያዘመሙ መንደሮች የተወለዱት ከዚህ ክፍተት ነው። ጥፋቱን በተከራዮቹ ግድየለሽነት የሚያመካኝ ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ እነዚያ ቤቶች እስከዛሬ የቆሙት ተከራዮቹ ያለ ሕጋዊ ማበረታቻ ላስቲክ ሲያለብሱና ማገር ሲለውጡ ስለኖሩ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ሕጋችን ዳግም ወደ ዋጋ ቁጥጥር ስለተመለሰ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቅድመ ክፍያውን በሁለት ወር ኪራይ ይገድባል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። እነዚህ ሁሉ የተከራዩን አንገት የሚያቀኑ እርምጃዎች ናቸውና እደግፋቸዋለሁ። ይሁንና የአዋጁ ክብደት ያረፈው በዋጋ፣ በዘመንና በምዝገባ ላይ ስለሆነ፣ ጥገና በአመዛኙ ስልሳ ዓመት ላለፈው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተትቷል። ዋጋ መጨመር ያልቻለ አከራይ ወጪ በመቀነስ ገቢውን ለማስጠበቅ ይገፋፋል፤ ለመቀነስ የሚቀለው ወጪ ደግሞ ጥገና ነው። ተቆጣጣሪው የኪራዩን መጠን በባንክ ደረሰኝ ያያል፤ የሚያፈሰውን ኮርኒስ ግን የሚያይበት ሰነድ የለውም።

አከራዮች የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ መደመጥም ይገባዋል። ብዙዎቹ በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት የሚያስተዳድሩ ጡረተኞች እንጂ ባለሀብቶች አይደሉም፤ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ደግሞ ለእነሱ ብሎ አይቆምም። ነገር ግን የግብር ሕጉ ይህን ወጪ አልዘነጋውም። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ የሂሳብ መዝገብ ለማይይዝ ቤት አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው ግማሹን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ቅናሽ እንዲሆንለት ፈቅዷል። መንግሥት ግብሩን የተወለት ቤቱን ይጠግናል ብሎ ነው። ሳይጠግን በቅናሹ የተጠቀመ አከራይ ከተከራዩም ከሕዝቡም ወስዷል።

በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ጉዳዩ አንድ ወገን ይጨምራል። የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ወደ ታችኛው ሲያንጠባጥብ፣ ብልሽቱ በላይኛው ቤት ውስጥ ባለ ቧንቧ ከሆነ ኃላፊው የዚያ ቤት ባለቤት ነው፤ በጋራ መስመር ላይ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ተከራይ የማኅበሩ አባል ስላልሆነ በስብሰባው ድምፅ የለውም። ስለዚህ ለእሱ የሚታወቀው ተዋዋዩ አከራዩ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ከማኅበሩም ሆነ ከላይኛው ጎረቤት ጋር መሟገት የአከራዩ ድርሻ ነው። «ማኅበሩን ጠይቅ» የሚለው የተለመደ መልስ በሕግ ዓይን ግዴታን አያስቀርም።

አከራዩ እምቢ ካለስ? የተለመደው መንገድ ተከራዩ ራሱ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራይ መቀነስ ነው። በስምምነት ከሆነ መልካም ነው፤ በራስ ውሳኔ ከሆነ ግን አደገኛ ነው፤ ኪራይ አልከፈለም ተብሎ ለመባረር በር ይከፍታልና። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የዘረጋው መንገድ ሌላ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ከዚያም በአንቀጽ 1777 ተከራዩ ሥራውን በአከራዩ ወጪ እንዲያሠራ ፍርድ ቤት ሊፈቅድለት ይችላል። ይህ መንገድ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል፤ ለአንድ የተሰበረ ቧንቧ ፍርድ ቤት የሚሄድ ተከራይ ብርቅ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ውሎ የሚያድር፣ አከራዮቹን ጋሼና እትዬ ብሎ የሚጠራ፣ ልጁ ከልጃቸው ጋር የሚጫወት ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። ይሉኝታው ባይዘው እንኳ፣ የውኃው ሮቶና የመብራቱ ቆጣሪ በአከራዩ እጅ መሆናቸው ይይዘዋል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውል በሚመዘገብበት ቢሮ ሁለቱም ወገኖች የሚፈርሙት አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱና የመብራት ገመዱ በዕለቱ ያሉበት ሁኔታ በስልክ ከተነሳ ፎቶግራፍ ጋር ይስፈርበት። ዓመታዊው ጭማሪ ሲፈቀድም በማስጠንቀቂያ የተጠየቀና ሳይሠራ የቀረ ዋና ጥገና ያለበት ቤት ከጭማሪው ይታገድ። የአዋጁን ማስፈጸሚያ መመሪያዎች የምታዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች ይህን ቅጽ ጨምሩበት። እስከዚያው ድረስ፣ ዘንድሮ ቤት የምትከራዩም የምታከራዩም አንባቢዎች ቁልፍ ከመቀባበላችሁ በፊት የቤቱን ሁኔታ በወረቀት አስፍራችሁ ተፈራረሙ።