ብርኩማና ትራስ፦ ራስን የማሳረፍ ጥበብና የታሪክ ፍርድ

በለንደን የሚገኘውን ብሪቲሽ ሙዚየም ጨምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ልዩ ልዩ ቤተ መዘክሮች ከኢትዮጵያ የሄዱ የእንጨት ብርኩማዎች ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ቁመታቸው ከአንድ ስንዝር ብዙም አያልፍም፤ ከላይ ጎድጎድ ያለ የአንገት ማሳረፊያ፣ ከታች ደግሞ አንድ ወፍራም ወይም ጥቂት ቀጫጭን እግሮች አሏቸው። ከመስታወቱ ፊት የሚቆም ጎብኚ፣ ኢትዮጵያዊም ሆነ የውጭ ዜጋ፣ በልቡ የሚያነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «በዚህ ላይ ተኝቶ እንዴት ይነጋል?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል። በውስጡ ግን የተሸሸገ ፍርድ አለ፦ የሰው ልጅ ከድንጋይና ከእንጨት ተነስቶ ወደ ላባና ወደ ስፖንጅ የወጣበት አንድ መሰላል አለ፣ ብርኩማን የተጠቀመ ሕዝብም ከታችኛው ደረጃ ላይ የቀረ ነው የሚል ፍርድ።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ታሪኩ እንዲህ ያለ መሰላል እንደሌለው ማሳየት ነው። በየዘመኑና በየአገሩ ሰዎች የራስ ማሳረፊያቸውን የመረጡት ሦስት ጥያቄዎችን በመመለስ ነው፤ ከገላቸው በታች ያለው መኝታ ምን ያህል ጠንካራ ነው? የሚተኙት በጎን ነው ወይስ በጀርባ? ሌሊቱን ሙሉ ሊጠበቅ የሚገባው ነገርስ ምንድን ነው? የዛሬው ገበያ እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ጎን ብሎ ልስላሴን ብቻ ሲሸጥ ኖሯል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቋንቋው የሚነግረን

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃላት አሉት፤ ሦስቱም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሰይማሉ። «ትራስ» ከግዕዙ «ርእስ» ጋር የተዛመደ ነው፤ ዋና ሐሳቡ ራስ እንጂ ልስላሴ አይደለም። የአልጋው የራስ በኩል «ትራስጌ»፣ የእግሩ በኩል «ግርጌ» የሚባለውም ከዚሁ ነው። «መከዳ» ለክርንና ለጎን መደገፊያ የሚሆን ድልዳል ነው፤ የተቀመጠ ሰው፣ በተለይም ባለማዕረግ፣ ይደገፈዋል። «ብርኩማ» ደግሞ ከእንጨት የተፈለፈለ ነው፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት የአንገት ማሳረፊያ ይሆናል። የኦሮምኛው «ባርኩማ» እና የሶማልኛው «ባርኪን» ከአማርኛው ቃል ጋር ያላቸው የድምፅ ቅርበት ዕቃው የአንድ ብሔረሰብ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኑን ይጠቁማል። ቋንቋው እነዚህን ሦስት ዕቃዎች አንዱን የሌላው ኋላ ቀር ቅርጽ አድርጎ አላያቸውም። ለሦስት ተግባር የቆሙ ሦስት ዕቃዎች ናቸው።

ከአባይ ሸለቆ እስከ ኪዮቶ

የጥንት ግብፃውያን እንደኛው ብርኩማ ባለ ጠንካራ ማሳረፊያ ላይ ይተኙ ነበር። ሃዋርድ ካርተር በ1922 ባገኙት የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ በርካታ የራስ ማሳረፊያዎች ነበሩ። ከእነርሱ በጣም የታወቀው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ሲሆን፣ የአየር አምላክ የነበረው ሹ በሁለት አንበሶች መካከል ተንበርክኮ ማሳረፊያውን በትከሻው ተሸክሞ ይታያል። «የሙታን መጽሐፍ» እየተባለ በሚጠራው የግብፃውያን የጸሎትና የድግምት ስብስብ ውስጥም 166ኛው ክፍል ለራስ ማሳረፊያ የተመደበ ነው፤ ዓላማው የሟቹ ራስ ከአንገቱ እንዳይወሰድ መጠበቅ ነበር። ይህ ሁሉ ወርቅና ጨርቅ ያላጣ ቤተ መንግሥት ልማድ ነው። ፈርዖን ለስላሳ ትራስ ለመሙላት የሚሆን ተልባ እግርም ሆነ ላባ አልቸገረውም፤ ጠንካራውን የተጠቀመው ስለመረጠው ነው።

በቻይና ከሱዊ ሥርወ መንግሥት (581–618) ጀምሮ የሸክላ ትራስ ይሠራ ነበር፤ በሶንግ ዘመን (960–1279) ደግሞ እጅግ ተስፋፋ። የጺጆ ምድጃዎች በግጥምና በሥዕል ያጌጡ ትራሶችን አመረቱ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ ልባጥ ሸክላ በበጋ ሙቀት ራስን ያቀዘቅዛል፣ የተሠራ ፀጉርንም አያበላሽም።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው የጃፓን ጉዳይ ነው። በኤዶ ዘመን (1603–1868) ወንዱም ሴቱም በዘይትና በሰም የተሠራ ፀጉር ስለነበራቸው፣ አንገትን ብቻ የሚደግፍ ትንሽ ሣጥን መሰል ትራስ ይጠቀሙ ነበር። በ1871 የሜይጂ መንግሥት ወንዶች የራስ ቁንጮአቸውን እንዲቆርጡ የሚፈቅድ አዋጅ አወጣ። የጥንቱ የፀጉር አሠራር ከዕለት ኑሮ እየወጣ ሲሄድ ሣጥኑ ትራስም አብሮት ወጣ። ዛሬ በኪዮቶ ፀጉራቸውን በጥንቱ ወግ የሚሠሩ የጌይሻ ተለማማጆች ግን አሁንም በከፍተኛው ትራስ ላይ ይተኛሉ። የጃፓናውያን አንገት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፀጉራቸው ነው።

የብርኩማው ስሌት

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በደቡብ ኦሞ ካሉ ማኅበረሰቦች መካከል በሐመር፣ በካሮና በዳሰነች ዘንድ ብርኩማ የወንድ የዘወትር ጓደኛ ነው፤ ከብት ሲጠብቅም ሆነ ለሸንጎ ሲወጣ በእጁ ይይዘዋል። ጥላ ሥር ይቀመጥበታል፤ ጋደም ሲልም በሸክላ ጭቃ የተሠራውን የራስ ፀጉሩን ከአቧራ ይጠብቅለታል። በሌሎች አካባቢዎችም ሹሩባ የተሠራች፣ ለጋ ቅቤም የተቀባች ሴት የብዙ ሰዓት ድካም በአንድ ሌሊት እንዳይፈርስ ያስፈልጋታል፤ ቅቤውም የጨርቅ ትራስን እንዳያበላሽ። እንጨት ግን ተወልውሎ ይነጣል።

ከፀጉር ሌላ እምብዛም የማይነገር የአካል ስሌት አለ። በጎኑ የሚተኛ ሰው ጭንቅላቱና መኝታው መካከል የትከሻውን ስፋት የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል። መኝታው ለስላሳ ፍራሽ ከሆነ ትከሻው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይጠብባል፤ ዝቅ ያለ ትራስ ይበቃዋል። መኝታው መሬት ላይ የተነጠፈ ቁርበት፣ የጭቃ መደብ ወይም በደንብ የተወጠረ የጠፍር አልጋ ከሆነ ግን ትከሻው አይሰምጥም፤ ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ባለው መኝታ ላይ ለስላሳ የጭድ ትራስ በጭንቅላት ክብደት ተጨፍልቆ አንገቱን አንጋዶ ያሳድረዋል፤ ቁመቱን የማይለቅ ብርኩማ ግን አንገትን ከአከርካሪ ጋር ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ብርኩማው የድህነት ምልክት ሳይሆን ለጠንካራ መኝታ የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነው። እርሱን ከቁርበቱ ነጥሎ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ በሐሳብ ማስቀመጥና «እንዴት ይመቻል?» ብሎ መጠየቅ፣ ኮርቻን ከፈረስ ነጥሎ በወንበርነቱ እንደ መፍረድ ነው።

ልስላሴና ማዕረግ

በአውሮፓም ቢሆን ለስላሳው ትራስ የሁሉም ሰው የቆየ ልማድ አልነበረም። እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ሃሪሰን በ1577 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው ስለ እንግሊዝ በጻፉት መግለጫ፣ በመንደራቸው ያሉ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው በጭድ ላይ ተኝተው ግንድ ይንተራሱ እንደነበር፣ ትራስም ለአራስ ሴት ብቻ የተገባ ይባል እንደነበር ይተርካሉ። ሃሪሰን ይህን የጻፉት የአገራቸው ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ ምን ያህል እንደተመቸው ለማሳየት ነው። ከዚህ ወዲህ ልስላሴ የሀብት መለኪያ ሆነ፤ የላባው ብዛት የቤቱን ደረጃ ተናገረ። የሌላውን ሕዝብ ጠንካራ ማሳረፊያ እንደ ኋላ ቀርነት የማየት ልማድ የተወለደው ከዚህ የቅርብ ታሪክ ነው፤ ያየው ሰው አያት ግንድ ተንተርሶ ማደጉ ተረሳ።

የዚህ ዓይነቱ አተያይ በኢትዮጵያ ላይ ያሳደረውን ጫና የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 ባሳተሙት ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በሚተርከው መጽሐፋቸው፣ ስሙ ያልተገለጸ አንድ የቀድሞ አገልጋይ ሥራው ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለ ዙፋን ሲቀመጡ እግራቸው እንዳይንጠለጠል ትራስ ማስቀመጥ እንደነበር፣ ለዚህም ሃምሳ ሁለት ትራሶች እንደነበሩት ይናገራል። ታሪኩ በዓለም ዙሪያ ተነበበ፤ ለብዙ ምዕራባውያን አንባቢዎችም የኢትዮጵያ መንግሥት ማለት ያ ትራስ ሆኖ ቀረ። የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ ግን በ1990 ባወጡት ጽሑፍ መጽሐፉን በታሪክ ምንጭነት መቀበል እንደማይገባ አጥብቀው ተከራክረዋል። ስለ ዘውዳዊው ሥርዓት ያለን አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ልንዘነጋው የማይገባ ነጥብ አለ፦ የመሬት ሥሪቱ፣ የረሃቡና የሕገ መንግሥቱ ጥያቄ በአንድ ትራስ ሲተካ፣ አንባቢው የሚስቅበት እንጂ የሚመረምረው ነገር አያገኝም።

ፋብሪካና ሕግ

የሃያኛው መቶ ዘመን ትራስ የኬሚስቶች ሥራ ነው። ኦቶ ባየርና ባልደረቦቻቸው በ1937 በጀርመን የፖሊዩሬቴንን ኬሚስትሪ ፈለሰፉ፤ ዛሬ ስፖንጅ የምንለው ከዚያ መጣ። ሜሞሪ ፎም የሚባለው ደግሞ በ1966 ለናሳ ሲሠሩ በነበሩት በቻርልስ ዮስት የተገኘ ሲሆን፣ መነሻው የእንቅልፍ ጉዳይ ሳይሆን የአውሮፕላን መቀመጫ ነበር።

በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ በትራሱ ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ የሚያየው፣ እንዳይነሳ የሚያስጠነቅቅ ወረቀትም የራሱ ታሪክ አለው። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንዳንድ አምራቾች ፍራሽና ትራስን በቆሸሸ አሮጌ ጨርቅና ፀጉር እየሞሉ ይሸጡ ስለነበር፣ ክፍለ ግዛቶች በውስጡ ያለው ነገር እንዲጻፍ የሚያስገድዱ ሕጎች አወጡ። ክልከላው የተመለከተው ሻጩን ነው፤ ገዢው ወረቀቱን ቢቀድ አይጠየቅም። ሕጉ የተሳካ ነበር፤ የጠበቀው ግን ንጽሕናን ብቻ ነው። ትራሱ ለማን ትከሻና ለምን ዓይነት ፍራሽ እንደሚሆን የሚናገር ወረቀት የለም።

እንዴት እንምረጥ?

ከታሪኩ የሚወጣው መመሪያ ከማስታወቂያው ይልቅ ቀላል ነው። በመጀመሪያ መኝታን መመልከት፦ ፍራሹ በጠነከረ መጠን ትራሱ ከፍ፣ በለሰለሰ መጠን ዝቅ ይበል። ቀጥሎ አተኛኘት፦ በጎኑ የሚተኛ ከፍ ያለና የማይጨፈለቅ፣ በጀርባው የሚተኛ መካከለኛ፣ በሆዱ የሚተኛ በጣም ሥሡ ወይም ምንም ያስፈልገዋል። ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰውና ትከሻው ጠባብ የሆነ የትዳር ጓደኛው አንድ ዓይነት ጥንድ ትራስ መግዛታቸው ምክንያት የለውም። መለኪያው ልስላሴው ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ከጀርባ ሲመለከት አንገትና አከርካሪ በአንድ መስመር መዋላቸው ነው። በሙቅ አገር፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው፣ ሙቀት የሚይዝ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ አይመከርም፤ የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ያወቁት ነገር ነው። ሹሩባዋን ለመጠበቅ የሐር ወይም የሳቲን የትራስ ልብስ የምትመርጥ እህታችንም ብርኩማው ይመልሰው የነበረውን ጥያቄ በሌላ ጨርቅ እየመለሰች ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ትራስ አያስፈልገውም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለስላሳ ነገር ሁሉ ከሕፃን መኝታ እንዲርቅ ያሳስባል።

የሠሪዎቹ ዕዳ

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። ብርኩማውን የናቀው የውጭ ሰው ብቻ አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች እጀ ብልሃተኞች ከመሬትና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። በጉራጌ አካባቢ የእንጨት ሥራ ድርሻቸው የነበረው፣ ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠረው «ፉጋ» በሚል ስም የተጠሩት ወገኖች፣ የቤቱን ምሰሶ አቁመው ሲያበቁ ለራሳቸው የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም። የ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ቢደነግግም፣ ማኅበራዊው አጥር በአዋጅ ብቻ አልፈረሰም። ዕቃው በውጭ አገር መስታወት ውስጥ ሲደነቅ፣ የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ ከመግለጫው ላይ የለም፤ ያልተጻፈው ሰብሳቢው ስላልጠየቀ ብቻ ሳይሆን እኛም ስላልጠየቅን ነው።

ስለዚህ በባህል ቅርስ ጉዳይ ከቤተ መዘክሮች ጋር የሚነጋገሩ የዳያስፖራ ባለሙያዎች ከማስመለስ ጥያቄ ጎን ለጎን አንድ ቀላል ሥራ ሊያስቡ ይገባል። የብርኩማው ቁመት ስንት ነው? ከምን እንጨት ተሠራ? ወንድ ወይስ ሴት ተጠቀመበት? በምን ዓይነት መኝታ ላይ? በእነማን እጅ? ይህን መመለስ የሚችሉ ሽማግሌዎችና ጠራቢዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ በየገጠሩ እየገባ ነው። ፍራሹ ሲለወጥ ብርኩማው መቅረቱ አይቀርም፣ ሊያስቆጨንም አይገባም። የሚያስቆጨው ለምን እንዲያ ተደርጎ እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።