የጡት ካንሰርን በጊዜ የመለየት ጥረት ታሪካዊ ጉዞ

የጡት ካንሰር በሕክምና መዛግብት ውስጥ ጥንታዊ ስፍራ ካላቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈውና የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በመባል የሚታወቀው የግብፃውያን ጽሑፍ የጡትን እብጠት ከገለጸ በኋላ ሕክምና እንደሌለው ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ1894 በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዊሊያም ሃልስቴድ ጡትን፣ የደረት ጡንቻዎችንና የብብት ንፍፊቶችን በአንድነት የሚያስወግደውን ቀዶ ሕክምና ውጤት ይፋ አደረጉ። ዘዴው በሽታው በዚያው ስፍራ እንዳያገረሽ በእጅጉ ቢረዳም፣ ለብዙ ሴቶች የተጎዳ ደረትና ያበጠ ክንድ ትቶ አልፏል። ያም ሆኖ የቀዶው ስፋት ለብዙ አሥርት ዓመታት የመዳን ዋስትና ተደርጎ ተቆጥሯል። በ1971 በአሜሪካ በበርናርድ ፊሸር መሪነት የተጀመረው ንጽጽራዊ ጥናት ግን ይህ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ጡትን ብቻ ከማንሳት የበለጠ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ።

ሌላው ጥረት ያተኮረው ዕጢውን ገና ትንሽ ሳለ በማግኘት ላይ ነበር። በ1913 የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም አልበርት ሳሎሞን በቀዶ የተወገዱ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምረው የካንሰሩን ምልክቶች ገለጹ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1963 በኒውዮርክ 62,000 ያህል ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ተጀመረ። ማሞግራፊና የእጅ ምርመራ ከቀረበላቸው መካከል በጡት ካንሰር የሞቱት፣ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ በ30 ከመቶ ገደማ ያነሱ ሆነው ተገኙ።

ማሞግራፊ በበቂ ባልተዳረሰበት አገርስ? በሻንግሃይ ከ260,000 በላይ የፋብሪካ ሠራተኞች የተካተቱበትና በ2002 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ ሴቶች ጡታቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ ማስተማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አረጋገጠ። በሙምባይ ግን ከ1998 ጀምሮ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው ይመረምሩ ነበር። በ2021 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው በሽታው ሥር ሳይሰድ የተገኘባቸው ሴቶች በዝተዋል፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ዘንድም ሞት በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ሁሉም ዕድሜዎች በአንድነት ሲታዩ ግን የሞቱ መቀነስ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ አልነበረም።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሚከሠቱ ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ ብዙዎቹም ሕክምና የሚደርሱት ከተስፋፋባቸው በኋላ ነው። በመሆኑም በጤና ጣቢያ ሕመም የሌለው እብጠት ይዛ የቀረበችን ሴት «ካላመመሽ ግድ የለም» ብሎ መመለስ ይህ ሁሉ ጥረት ያስገኘውን ጊዜ ማባከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መርሐ ግብር፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ከቀረበች በኋላ ምርመራዋ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። የቀናቱ ቆጠራ የሚጀምረው መጀመሪያ ባየቻት የጤና ባለሙያ ፊት ነው።