ቃኘው፤ የፈረስ ስምና የወታደር ሞት

ከእንጅባራ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ገደል ውስጥ ዘንገና ሐይቅ ተኝቷል። በዙሪያው ያለው የአገው ምድር የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሱን አስጊጦ በእንጅባራ ይሰበሰባል። በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገረው ይህ ማኅበር፣ በዓድዋ ለአገር የዋሉትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። የፈረስን ውለታ እንኳ ያልዘነጋ ሕዝብ፣ በፈረስ ስም ተጠርተው ባሕር ማዶ የወደቁትን ልጆቹን እንዴት ያስባቸዋል?

የዓድዋው አርበኛ ራስ መኰንን በፈረስ ስማቸው «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ይህንኑ ስም ወደ ኮሪያ ለሚዘምተው የክብር ዘበኛ ሻለቃ ሰጡት። ቃሉ ሁለት ሙያ አለው፤ ባለ ክራር ክሩን ይቃኛል፣ ወታደርም የጠላትን ምሽግ ይቃኛል።

ዘመቻው ከዓድዋ ይልቅ ከጄኔቫ ጋር ይዛመዳል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ የተወረረች አገር የዓለም ሁሉ አደራ ናት ሲሉ አቤት ብለው ነበር፤ አቤቱታው ሰሚ አጣ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳና የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲያሰማ፣ ኢትዮጵያ የተነፈገችውን ለሌላው ለመስጠት ተነሣች።

ሻለቃው ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ፑሳን ወደብ ደረሰ። በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። እስከ ተኩስ አቁሙ፣ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ሦስት የቃኘው ሻለቆች ተተካክተው በበረዶ በተሸፈኑ ተራሮች ላይ ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ አንድም አልነበረም። በፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የልዩ ልዩ አገሮች ወታደሮች ዐርፈዋል፤ የኢትዮጵያውያኑ ዐፅም ግን ወደ አገሩ ተመልሷል።

ዐፅሙ ቢመለስም መታሰቢያው በእኩል አልተመለሰም። በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ሐውልት ቆመላቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር በመወዳጀቱ፣ ለዘማቾቹ ስለ ዘመቻቸው መናገር የማይመች ነገር ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያቸው ቢቆምም፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቍጥራቸውን እንጂ ስማቸውን አይደለም።

በአገራችን የቆየ ወግ፣ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶ ላይ ይቀርባል፤ አልቃሽም የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ከነአገሩ ትጠራለች። የቃኘው ሙታን የፈረስ ስም እንጂ ፈረስ አልነበራቸውም። ስለዚህ የሚጎድላቸው ሐውልት ሳይሆን ስም ጠሪ ነው። መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በየቀበሌው የዘማች ቤተ ሰቦችን ቢጠይቅ፣ ገጣሚና ሠዓሊም ከሻለቃው ይልቅ ወደ አንዱ ሰው ቢቀርብ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የእንጅባራ ፈረሰኞች ለፈረሶቻቸው ያደረጉትን ለሰዎቹ ማድረግ አያቅትም።