የዞላ ባድ አባትና የኃይሌ አባት

ጆሃንስበርግ ተወልዶ ያደገ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው ብታገኙ እስቲ «ዞላ ባድ ምንድን ናት?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ሯጭ ናት ይላችኋል። ሌላው ሳቅ ብሎ ታክሲ ናት ይላችኋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በ1980ዎቹ (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ከሶዌቶ ከተማ የሚመላለሱትን ፈጣን የቶዮታ ሚኒባሶች ሕዝቡ «ዞላ ባድ» ይላቸው ነበር። «ሜሪ ዴከር» የሚባሉም ነበሩ። ስለ ታክሲዎቹ ጠባይ ለእኛ የሚነግረን ሰው አያስፈልግም፤ ዛሬም በየቀኑ እንሳፈርባቸዋለን። ስለ ልጅቷ ግን፣ ይልቁንም ስለ አባቷ፣ ጥቂት ለማውጋት የተነሳሁት በአንድ ቅዳሜ ምክንያት ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ጄፒ ላይ ሱቅ አለው። ቅዳሜ ገበያ የሚደራበት ቀን መሆኑን የምታውቁት ነው። ይህ ሰው ግን ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ፣ ወይም ጭራሹን ዘግቶ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ሲሮጥ ለማየት ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ይሄዳል። አንድ ቀን እኔንም አስከተለኝ። ልጁ 1,500 ሜትር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። እኔ አጨበጨብኩ። አባት አላጨበጨበም። በመኪና ስንመለስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ልጁም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ልጁን ቤት ካደረስን በኋላ ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኃይሌ ቢሆን ሦስተኛ ይወጣ ነበር?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። መልሴ ረዘም ያለ ስለሆነ እነሆ በዚህ ጋዜጣ ላይ አደረግሁት።

ዞላ ባድ በግንቦት ወር 1966 ብሉምፎንቴን ውስጥ ተወለደች። ለቤቱ ስድስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረች። አባቷ ፍራንክ ባድ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ልጅቷ ዓይነ አፋር፣ ከሰው ይልቅ ከውሻና ከዶሮ ጋር መዋል የምትወድ ነበረች። እንደ እናት ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ጄኒ በ1980 ሞተች። ዞላ ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ሩጫ ኀዘኗን የምትሸሽበት ቦታ እንደሆነላት ራሷ ተናግራለች። አሠልጣኟ የትምህርት ቤቷ መምህር ፒተር ላቡሻኝ ነበር። ጫማ አታደርግም። የአርሲና የሸዋ ልጅ በባዶ እግሩ ቢሮጥ ማን ይደነቃል፤ ነጭ ልጅ ስትሆን ግን ለዓለም ጋዜጦች ትልቅ ወሬ ሆነ።

ጥር 5 ቀን 1984 ስቴለንቦሽ ላይ 5,000 ሜትርን በ15 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ከ83 ማይክሮ ሮጠች። ዕድሜዋ 17 ነበር። የዓለሙ ክብረ ወሰን በአሜሪካዊቷ ሜሪ ዴከር የተያዘው 15፡08.26 ነበር። በስድስት ሴኮንድ ግድም አሻሻለችው ማለት ነው። ሆኖም አልተመዘገበላትም። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ከ1976 ጀምሮ ተባራ ነበርና። የኦሊምፒክ በርም ከ1964ቱ የቶኪዮ ጨዋታ ጀምሮ ተዘግቶባት ነበር።

እንግዲህ አባት እዚህ ላይ ይገባሉ። የፍራንክ ባድ አባት የእንግሊዝ ተወላጅ ነበሩ። ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ጋዜጣ ይህን ሲሰማ ሰው ላከ። ጋዜጣው ታሪኳን ብቻውን እንዲያትም 100,000 ፓውንድ ለመክፈል መስማማቱ በጊዜው ተዘግቧል። ልጅቷ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች የአባት ዜግነት መንገድ ይከፍትላት ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት የሚሞላት በዚያው ግንቦት ነው፤ ኦሊምፒኩም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይጀመራል። ስለዚህ ተቻኮሉ። በመጋቢት መጨረሻ ቤተሰቡ በድብቅ እንግሊዝ ገባ። የእንግሊዝ ፓስፖርት ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ተሰጣት። ፕሪቶሪያ የስደተኞች መሥሪያ ቤት በር ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለተሰለፋችሁ፣ ወረቀታችሁን ለማሳደስ ለዓመታት ለተመላለሳችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ቁጥር ደግማችሁ እንድታነቡት እተወዋለሁ።

ለመሆኑ ልጅቷን ማን ጠየቃት? አልጋዋ፣ ውሾቿ፣ እናቷ የለመደችው አገር ብሉምፎንቴን ነው። እንግሊዝ ጊልፎርድ በሚባል ከተማ አስቀመጧት። አፓርታይድን የሚቃወሙ ሰዎች በየሩጫው ሜዳ እየመጡ ይጮኹባት ጀመር። እውነቱን ለመናገር ተቃዋሚዎቹ ምክንያት ነበራቸው፤ የአገሯ መንግሥት ጥቁሩን ሕዝብ እየረገጠ፣ እሷ በአቋራጭ ወደ ኦሊምፒክ ልትገባ ነው። ግን ጩኸቱ የወደቀው ፓስፖርቱን በጠየቁት አባት ላይ ሳይሆን በ17 ዓመቷ ልጅ ላይ ነበር። ገንዘቡን ማን ይያዝ፣ ቃለ መጠይቁን ማን ይስጥ፣ አሠልጣኙ ይሻላል ወይስ አባት በሚለው ቤተሰቡ ይጨቃጨቅ ገባ።

ነሐሴ 10 ቀን 1984 ሎስ አንጀለስ፣ የ3,000 ሜትር የፍጻሜ ውድድር። ዞላ በባዶ እግሯ እየመራች ነው። ሜሪ ዴከር ከኋላዋ ተጠግታለች። ከግማሽ መንገድ በላይ እንደሄዱ እግራቸው ተጠላለፈና ዴከር ወደ ሣሩ ወደቀች። ስታዲየሙን የሞላው የአሜሪካ ሕዝብ በዞላ ላይ ጮኸ። ውድድሩን ሮማኒያዊቷ ማሪሲካ ፑይካ ስታሸንፍ ዞላ ሰባተኛ ወጣች። ዳኞቹ መጀመሪያ ከውጤት ሰርዘዋት ነበር፤ ፊልሙን አይተው መለሱላት። በኋላ እንደተናገረችው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸባት ሽልማት መድረክ ላይ መቆም ስላልፈለገች ነው ፍጥነቷን የቀነሰችው። ልብ በሉ፤ አባት ቤት ንብረታቸውን ትተው አገር አቋርጠው ያመጧት ለዚያ መድረክ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥሩ ጥሩ ውጤት አላጣችም። በ1985 እና በ1986 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1985 ለንደን ላይ የ5,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን 14፡48.07 አድርጋ በዚህ ጊዜ በሕግ አስመዘገበች። ቤቱ ግን ፈረሰ። እናቷ ወደ ብሉምፎንቴን ተመለሱ፤ ወላጆቿ ተፋቱ። ዞላ ከአባቷ ጋር ተኳረፈች። በ1987 እዚሁ በአጠገባችን ብራክፓን በተደረገ የአገር አቋራጭ ውድድር ላይ ተገኝታለች ተብላ ክስ ቀረበባት፤ በ1988 ሁሉንም ትታ ወደ አገሯ ገባች። በ1989 ስታገባ አባቷ ሠርጉ ላይ አልነበሩም። በዚያው ዓመት ፍራንክ ባድ በቤታቸው በሰው እጅ ተገደሉ። አባትና ልጅ ሳይታረቁ ቀሩ።

እኔ አባትየውን ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አልፈርድም። ለልጃቸው በሩን የከፈቱ መስሏቸው ነበር። በዚህ አገር ሱቅ ከፍቶ፣ ተዘርፎ፣ እንደገና ከፍቶ ልጁን ውድ ትምህርት ቤት የሚያስገባ አባትም በሩን እየከፈተ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ እኔም ይቸግረኛል።

በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ሯጮች በዚያ ሎስ አንጀለስ አልነበሩም። አገራችን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና ቀርታለች። በ1988ም ሴኡል አልሄደችም። ከሁሉ የሚቆጨው ግን የ1976ቱ ሞንትሪያል ነው፤ እሱም በቀጥታ ከዚህ ከምንኖርበት አገር ጋር የተያያዘ ነው። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ጎብኝቶ ስለተጫወተ፣ ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትውጣ ብለው ከ20 የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ሲቀሩ ኢትዮጵያም አንዷ ሆነች። ምሩፅ ይፍጠር ያን ጊዜ በጉልበቱ ላይ ነበር። አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። ወዳጆቼ፣ እኛ ስለ ደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ነፃነት ወርቅ የከፈልን ሰዎች ነን። ጎረቤቶቻችን ሲቆጡን ይህን የሚነግራቸው ቢገኝ ጥሩ ነበር።

የምሩፅ ድል ነው ወደ ሁለተኛው አባት የሚወስደን። አሰላ አጠገብ በሚገኝ የገበሬ ቤት የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ራዲዮ ሰርቆ የሞስኮውን ውድድር አዳመጠ። ባትሪ ውድ ነው፤ ራዲዮን ያለ ፈቃድ መንካት ያስገርፋል። ልጁ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። ቤቱ ዐሥር ልጆች አሉበት፤ እናቱም በልጅነቱ ሞተውበታል። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ሄዶ መመለስ ነው። ደብተሩን በግራ እጁ ታቅፎ ስለሚሮጥ፣ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ቀረ።

አባቱ አቶ ገብረሥላሴ ሩጫውን አልወደዱትም። ልጃቸው ተምሮ ሥራ እንዲይዝ፣ ካልሆነም እርሻውን እንዲረዳ ይፈልጉ ነበር። ሩጫ እንጀራ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ገበሬ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? በ1999 የወጣው፣ ኃይሌ ራሱን ሆኖ የተወነበት «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም ይህን የአባትና የልጅ አለመግባባት ያሳያል። ልጁ ግን አዲስ አበባ፣ እንደ እሱ ሯጭ ወደነበረው ወንድሙ ወደ ተከዬ ሄደ። በ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፈጀ። ማራቶን ለዚያ ዕድሜ አይገባም፤ ማንም ግን አልገፋውም፣ ያቆመውም አልነበረም። በ1992 ሴኡል ላይ በወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና 5,000 እና 10,000 ሜትር አሸነፈ። በ1993 ሽቱትጋርት ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሽልማቱ መርሴዲስ መኪና ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ መንዳት አይችልም። አትላንታና ሲድኒን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወዳጄ «ኃይሌ ቢሆን» ሲል የሚያየው አትላንታን ነው። የኃይሌ አባት ግን ሜዳ ዳር ቆመው አልጮኹም፤ ይልቁንም ተው ብለውታል። እርግጥ ይህም የሚመሰገን አይመስለኝም። ተው ተብለው የተዉ ስንት ልጆች አርሲ ውስጥ ቀርተዋል፤ ስማቸውን ስለማናውቅ ብቻ አንቆጥራቸውም። ለሴቶቹ ደግሞ የከፋ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ከበቆጂ አዲስ አበባ ስትመጣ ሐሳቡ ትምህርት ነበር፤ ምዝገባ አልፎባት በማረሚያ ቤቶች የስፖርት ክለብ ገባች። ወደ በቆጂ ብትመለስ ኖሮ የሚጠብቃት ትዳር ነበር። በሦስት ዓመቱ ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የአንድ የምዝገባ ቀን ነገር!

አሁን በቆጂ ሌላ ሆናለች። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነት ያሠለጠኑት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ከሰሩባት ከዚያች ከተማ ልጅ ሯጭ እንዲሆን የማይመኝ ወላጅ ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ ትውልድ ከልክሎ፣ ቀጣዩ ይገፋል።

እኛ የምንኖርበት አገር ደግሞ በዚህ ነገር የቆየ ነው። የትምህርት ቤት ራግቢ እዚህ እንደ ሃይማኖት ነው። ክሬቨን ዊክ የሚሉት የተማሪዎች ውድድር ከ1964 ጀምሮ ይካሄዳል፤ መልማዮች ሜዳ ዳር ደብተር ይዘው ይቆማሉ። ጎበዝ ልጅ በነፃ የትምህርት ዕድል ይወሰዳል፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ይቀራል። በየሜዳው ዳር በዳኛው ላይ የሚጮኸውን አባት ሁላችንም አይተናል። የእኛ ሰዎች ይህን ያዩታል፤ የኃይሌ አገር ሰው መሆናቸውም ይነገራቸዋል። ልጁ ገና ጫማውን ሳያስር የክፍሉ ልጆች «ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ታሸንፋለህ» ይሉታል። ከቤት አንድ ሸክም፣ ከውጭ አንድ ሸክም።

አንድ ትዕይንት ሳልጠቅስ አላልፍም። ነሐሴ 7 ቀን 1992 ባርሴሎና፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሊምፒክ በተመለሰችበት ዓመት፣ ደራርቱ ቱሉና ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር በ10,000 ሜትር ተናነቁ። ደራርቱ በመጨረሻው ዙር አፈትልካ በ31፡06.02 ገባች፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ዞላ ባድም በዚያው ኦሊምፒክ ለአገሯ በ3,000 ሜትር ተሰልፋ ነበር፤ ማጣሪያውን አላለፈችም። ዕድሜዋ ገና 26 ነበር።

ያም ሆኖ መሮጧን አልተወችም። በ2012 ከፒተርማሪትዝበርግ እስከ ደርባን ያለውን የኮምሬድስ ሩጫ፣ 90 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረውን፣ ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጅታ ጨረሰች። የዚያን ቀን ዜግነት የገዛላትም፣ የጮኸባትም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ቡና እየጠጣን አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና የልጅቷ አባት ገንዘቡን ምን እንዳደረጉት ጠየቀኝ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ፣ «በመጪው ቅዳሜ ውድድር አለ፤ ትመጣለህ?» አለኝ። እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ልጁ ግን ይሩጥ አይሩጥ እስካሁን የጠየቀው የለም።