በረዶ የለም ያለው መንገደኛ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲያቀና ሊማሊሞን ወጥቶ አለፈ (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው)። የስሜን ተራሮች በስተግራው ተደርድረው ነበር። ኋላ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ግን ቁመታቸውን አጣጣለው። ከእርሱ በፊት ስለ ስሜን የጻፉትን የጀስዊት ሚሲዮናውያን አጋነኑ ብሎ ነቀፈ፤ እዚያ በረዶ ይጥላል መባሉንም አልተቀበለም።

ብሩስ የቸኮለ ሰው ነበር። ልቡ ያለው ጎንደርና የዓባይ ምንጭ ላይ ነው። የሊማሊሞ መንገድ ደግሞ የነጋዴ መንገድ ነውና የሚፈልገው የተራራውን ማለፊያ እንጂ ጫፉን አይደለም። የሚያስቀው፣ እርሱው ራሱ አገሩ ገብቶ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየሁ ባለ ጊዜ ለንደን ውሸታም ብላ ተሳልቃበታለች።

መልሱ የመጣው ናትናኤል ፒርስ ከሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው። ፒርስ በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን በአገራችን ዓመታት ኖሯል፤ ቋንቋውንም ለምዷል። ስሜንን ሲያቋርጥ አምባ ሐይ በተባለው ከፍታ ላይ በረዶ አገኘው። ወዳጁ ሄንሪ ሳልትም በ1814 በታተመው መጽሐፉ ብሩስን አረመ።

ለነገሩ ክርክሩ ሳይጀመር የተዘጋ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ንጉሥ ከወንዝ ማዶ ያሉትን የስሜን ሰዎች እንዳስገበረ ያወራል። አገራቸው ብርድና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት ነው ይላል። ወንዙን ዓባይ ቢለውም ተከዜ መሆኑን ሊቃውንቱ ይስማማሉ። የእኛ አማርኛም ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ እንደ ባዘቶ ለሚነሰነሰውም አንድ «በረዶ» ማለቱ ነገሩን ሳያደበላልቀው አልቀረም። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን «አመዳይ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በስሜን ጫፎች ላይ አመዳይ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል፤ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት፣ ስሜንን በእግሩ ለማየት የሚያስብ ከተሜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ቀን ያልቃል?» ብሎ ስለሆነ ነው። በእኔ አስተያየት አንድ ሙሉ ሳምንት ይመድብ፤ በዚያም ሳምንት ብዙ መንገድ አይሂድ። ደባርቅ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። የመጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር 3,200 ሜትር ግድም ላይ ይታደራል፤ ሁለተኛው ግጭ 3,600 ላይ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ጎበዝ ፈሪ አይሉም። ስለዚህ ሦስተኛውንም ሌሊት ግጭ መድገም፣ ቀኑንም ጓዝ ሳይዙ እመት ጎጎ (3,926 ሜትር) ደርሶ መመለስ ይበጃል። ከዚያ ሁለት ሌሊት ጨነቅ፤ ዋልያን ለማየት የሚሻል ቦታ አላውቅም። በስድስተኛው ሳንቃበር ታድሮ በሰባተኛው ቀን ደባርቅ ይገባል።

ራስ ደጀንስ? (መጻሕፍቱ ራስ ዳሸን ይሉታል።) በዚህ ሳምንት ይቅር። ከቧሂት በር ተነስቶ ወደ መሸሃ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ፣ መልሶ እስከ 4,533 ሜትር መውጣት፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ መመለስ የሽርሽር ነገር አይደለም። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 ወጡት፤ የመጀመሪያዎቹ ናቸው ተብሎም ተመዘገበላቸው። እረኛ መዝገብ የለውም። በስሜን ቸኩሎ የቀናው ሰው ካሣ ኃይሉ ይመስለኛል፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሳይታሰብ ገስግሶ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ፤ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያምም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ጓዙን በተመለከተ፣ ሸክምን ሁሉ በገዛ ጀርባ ማዘል የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ የአገሩ ጥበብ በቅሎ ነው። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ በ1966 ማብቂያ መጥታ ከመቀሌ ጆክ የምትለውን በቅሎ ይዛ ስሜንን አቋርጣለች። ስንቁም አዲስ ፈጠራ አይሻም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ድርቆሽ የዘማች ምግብ የሆኑት ስለማይከብዱና ስለማይበላሹ ነው። የማይቀለድበት የሌሊት ልብስ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውኃ በኮዳ ውስጥ ይረጋል። ሰማዩ የሚጠራው ግን በዚያው በበጋ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ ብርዱን መቻል ነው።

ስለ ግጭ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ድንኳን ከሚተከልበት አጠገብ ገብስ እያረሰ፣ በግ እያረባ የሚኖር መንደር ነበር። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም መንደሩን እዚያው አገኘው። ዩኔስኮ በ1978 የስሜንን ተራሮች በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ አስገባ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ አወጣ። ይህ ከመሆኑ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲነሡ ተደርጓል። ሣሩ ማረፍ ነበረበት፣ ዋልያውም ሌላ አገር የለውም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መንገዱን በእግሩ መዳፍ የሚያውቀው፣ ጉም ሲወርድ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር የሚናገረው ሰው ዛሬ ከተማ ዳር ነው ያለው። ለመንገደኛ መሪነትና የበቅሎ ኪራይ የዚህ አገር ሰው አንዱ እንጀራ ነው። ከ2020 ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገደኛውን ሲያስቀርበት በቅሎው ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ ገፈራውን ግን ይፈልጋል።

ስለዚህ ዕቅድ የሚጀመረው ድንኳን ከመግዛት ሳይሆን ደባርቅ ደውሎ የመንገዱን ሰላም ከመጠየቅ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ መሪና ጫኝ ያዙ። ከግጭ የተነሣ ሰው ከተገኘ ደግሞ የትኛው ማሳ የማን እንደነበረ እየነገራችሁ ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት ጨነቅ ዘግይታችሁ ብትደርሱ አትቆጡት።