ከአሰብ እስከ ሰኔ 1990፦ ባዕዱና ቤቱ

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይላል የአገሬ ሰው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ይህ አባባል ደጋግሞ ይመጣብኛል። አዋጁ ዝቅተኛውን መነሻ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አድርጎታል። ክርክሩም በአመዛኙ በዚሁ በዋጋ ዙሪያ ነው፤ አንዱ ወገን የቤት ዋጋ ሰማይ ሊነካ ነው ሲል፣ ሌላው የውጭ ምንዛሪ ይገባልናል ይላል። ሁለቱም ስጋትና ተስፋ መሠረት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ በሩን በስንት ዋጋ ይከፍታል ከማለት ይልቅ፣ መንግሥት በተቆጣ ዕለት ያው በር እንዴት ይዘጋል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ባይ ነኝ። ለዚህ ጥያቄ የገዛ ታሪካችን መልስ አለው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ አሰብ መመለስ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ኢጣሊያዊ ከሁለት ወንድማማች የአካባቢው ሱልጣኖች ጋር በ6,000 ማሪያ ቴሬዛ ብር በአሰብ ባሕር ዳርቻ መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። ገዢው ሩባቲኖ የተባለ የመርከብ ኩባንያ ነበር። ለተመልካች ተራ የሽያጭ ውል ይመስላል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1882 የኢጣሊያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 ደግሞ ኤርትራ የተባለች ቅኝ ግዛት መመሥረቷን አወጀ። በግል ውል የተጀመረው ነገር በ21 ዓመት ውስጥ የአገር ድንበር ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የዳኝነት ጉዳይ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በክሎቡኮውስኪ ስም የሚታወቀው ውል የፈረንሳይ ዜጎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲሟገቱ ደግሞ ቆንስሉ በሚገኝበት ልዩ ችሎት እንዲዳኙ ፈቀደ። የሌሎች ኃያላን ዜጎችም የዚሁ መብት ተጠቃሚዎች ሆኑ። እንግዲህ መሬት የገዛ ባዕድ የራሱን ዳኛ ይዞ ሊመጣ የሚችልበት ዘመን ነበር።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውጭ አገር ሰዎች የደነገገውን እኔ የማነበው ከዚህ ትዝታ ጋር አያይዤ ነው። ሕጉ በቁጥር 389 የውጭ አገር ሰው በፍትሐ ብሔር መብቶች ረገድ ከኢትዮጵያዊ ጋር እኩል መሆኑን ያውጃል። ወዲያው በቁጥር 390 ግን በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በስተቀር በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ክልከላው ጥብቅ ቢሆንም ጭካኔ አልነበረበትም። በቁጥር 391 መሠረት ንብረቱን በቅን ልቦና ይዞ የተገኘ የውጭ አገር ሰው ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ሲታዘዝ የስድስት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። አንባቢዬ ይህችን ስድስት ወር ልብ ይበልልኝ። ገዢ ለመፈለግ፣ ዋጋ ለመደራደር፣ ዕዳን ለመክፈልና ዕቃን ለመሸከፍ ለሰው ልጅ ተገቢ የሆነ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለባለቤቱ መኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት ግን ተወለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑንና የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን አጸና። ስለዚህ ከ1967 ወዲህ የከተሜው ርስት የሚባለው ያቺው አንዲት ቤት ናት።

የሕጉ እውነተኛ ፈተና የመጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀመረ፤ ከሰኔ ጀምሮም ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያዊ ሆነው የኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ በሚያዝያ 1985 በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ መሳተፋቸው የኤርትራ ዜግነት እንደ መያዝ ተቆጠረባቸው። የሕጉ ሰንሰለት ከዚህ በኋላ በራሱ ይሳባል፤ ዜግነቱ የተነሣ ሰው የውጭ አገር ሰው ነው፤ የውጭ አገር ሰው ቤት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ ይሽጥ። አሰብን የገዛውን ዓይነት ባዕድ ለመከላከል የሚበጅ ድንጋጌ፣ እዚሁ ወልዶ በከበደ ጎረቤት ላይ ዋለ።

በሰፈራችን የነበሩ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። በሄዱበት ማግሥት እናቴ የግቢያቸውን አትክልት ውኃ ታጠጣ ነበር፤ «ሲመለሱ ደርቆ እንዳያገኙት» እያለች። አልተመለሱም። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ። ስንት እንደወጣና ገንዘቡ የት እንደገባ በሰፈሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚጠይቅም አልነበረም።

ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ ጉዳዩን አንድ በአንድ መርምሯል። ውሳኔው ለአንድ ወገን ያደላ አልነበረም። ሰዎቹ የሁለት አገር ዜግነት እንደነበራቸው፣ በጦርነት ጊዜ በጸጥታ ማጣራት ያለፉትን ዜግነት መንፈግና ማባረር ከሕግ ውጭ እንዳልሆነ ተቀብሏል፤ ሌሎችን ያለ ሥርዓት ዜግነት መንፈግ ግን ሕገ ወጥ ነው ብሏል። ወደ ቤቱ ጉዳይ ሲመጣም ኢትዮጵያን በኃላፊነት ጠየቀ። የተባረሩት ሰዎች ቤታቸውን እንዲሸጡ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ወር ብቻ ነበር። ከአንዳንዶቹ ሽያጮች ላይም «የቦታ ግብር» በሚል አድሎአዊ የሆነ መቶ በመቶ ግብር ተወስዷል። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ አንዳንዶቹ ሕጋዊ ሌሎቹ ሕገ ወጥ የሆኑ እርምጃዎች ተደራርበው ሰዎቹ ንብረታቸውን በሙሉ ወይም አብዛኛውን እንዲያጡ አድርገዋል። በዚሁ የክርክር ሂደት ኤርትራም ያባረረቻቸውን ኢትዮጵያውያን ንብረት ባለመጠበቋ ተጠያቂ ሆናለች። በሁለቱም ወገን የተጎዳው ያው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ የወጣው ሰው ነው።

የራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስድስት ወር ይላል፤ የተሰጠው አንድ ወር ነው። በእኔ አመለካከት የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ክልከላው ከነሙሉ ጉልበቱ ተጠራ፤ ክልከላውን ሰብአዊ የሚያደርገው የጊዜ ገደብ ግን ተረሳ።

በጦርነቱ ማግሥት አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወጣ። «ቢጫ ካርድ» በምንለው መታወቂያ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሌላ አገር ዜጋ ቢሆኑም ከቁጥር 390 እስከ 393 ያለው ክልከላ ሳያግዳቸው ቤት እንዲኖራቸው ፈቀደ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ያው አዋጅ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራን የያዘውን ሰው በትርጓሜው ለይቶ አስቀረው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ወንድማችን ባለቤት ሲሆን፣ የቀድሞው ጎረቤት ባዕድ ሆኖ ቀረ። ባዕድነት የርቀት ጉዳይ አለመሆኑን፣ የፖለቲካ ውሳኔ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

የ2017ቱ አዋጅ ደግሞ በሩን ለማንኛውም የውጭ አገር ዜጋ ከፍቷል። መሬቱ ግን ዛሬም የማይሸጥ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና የቦታውን የመጠቀም መብት ነው። እኔ አዋጁን አልቃወምም። መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር ይዞ የሚመጣው ሰው ኩባንያ የላከው ሳፔቶ ነው ብዬም አልፈራም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከአገሩ ጋር የተጣላን ዕለት ይህ ሰው ቤቱን ለመሸጥ ስንት ወር አለው? በየትኛው ፍርድ ቤት ይከራከራል? ገንዘቡንስ ይዞ ይወጣልን? ይህ ለባዕድ ማዘን ብቻ አይደለም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣልና፣ የዛሬ ባለቤት የነገ ባዕድ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የልጆቻችንና የወንድሞቻችንም ጥያቄ ነው።

አባቶቻችን መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው ፖሊስ ሳይኖር «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ይቆሙ ነበር ይባላል። ቤት የሚገዛ ሰው፣ ዜጋም ይሁን ባዕድ፣ ከግድግዳውና ከጣሪያው ይልቅ የሚገዛው የዚያን ቃል ጉልበት ነው። በ1990 ያ ቃል በጎረቤቶቻችን ደጅ ሳይሠራ ቀርቷል። ለሚመጣው ገዢ ቁልፍ ከማስረከባችን በፊት ይህንን ማመን ይገባናል።

ቸር ይግጠመን።