የጥበብ ዋጋ፦ ከአቃቂ ቃሊቲ እስከ አፍሪካ አዳራሽ

በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት ማሽኑን የሚገጥምለት ልምድ ያለው መሐንዲስ ይፈልጋል፤ የምርቱን ምልክትና ማስታወቂያ ሊያሠራ ሲነሣ ግን ብዙውን ጊዜ «በርካሽ የሚሠራ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ታሪካችን ሌላ መንገድ ያሳየናል።

እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ያስጌጠው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ሠዓሊው በወቅቱ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ይሁን እንጂ በለንደን በሚገኘው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ካቀረቡት ዐውደ ርእይ በኋላም በአውሮፓ ተዘዋውረው የባለቀለም መስታወትን አሠራር አጥንተዋል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ባለሙያ የሚከፈለው የሥራው ቀናት ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለፉት የጥናት ዓመታት ዋጋ ጭምር ነው። ወጣትነትና ርካሽነትም አንድ አይደሉም። ለጀማሪ ዕድል መስጠት ተገቢ ነው፤ የአንጋፋውን ሥራ በጥቂት ብር እንዲሠራ ማድረግ ግን ጀማሪውን መበዝበዝ፣ አንጋፋውንም ከሙያው ማፈናቀል ነው። ባለሀብታችን ለማሽኑ ያደረገውን ስሌት ለጥበቡ የሚነፍገው ስለምን ይሆን?